ቆዳ የለበሰው ምንሽር

የባሌ ታላቅ ወንድም የሱዳን ጦርነት ወደሚኖርበት ወደ ሀዋታ ሲቀርብ በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭኖ ገዳሪፍ እኔ ቤት ገባ። ዱቄት አልያዘም። ፍራሽ አልያዘም። የሟች ሚስቱን ፎቶ እንኳ ከነግድግዳው ትቶት ነው የመጣው። የያዘው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አሮጌ ምንሽር ብቻ ነበር። ገና ውኃ ሳይጠጣ፣

«ሚስማር የት ነው ያለሽ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ እንጂ።»

«እኔስ እቀመጣለሁ። ይሄ መሬት አይነካም። የአባቴ ዕቃ ነው።»

በአፌ አንቱ እለዋለሁ፤ እንዲያ ተብዬ ነው ያደግሁት። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እሱ ነው የምለው።

በቤቴ ግድግዳ ላይ አንዲት ደህና ሚስማር ነበረች፤ የማርያም ሥዕል የተሰቀለችባት። ሥዕሏን አወረደና ሳጥን ላይ አጋደማት፤ በቦታዋ ምንሽሩን ሰቀለ። ከዚያ «ውኃ» አለኝ።

በሳምንቱ ቤቴ የበግ ላት መሽተት ጀመረ። የከረመ፣ የሻገተ ላት ነው የሚቀባው። ቅባቱ በሙቀቱ እየቀለጠ ከሰደፉ ጫፍ ይንጠባጠባል፤ ኖራ የቀባሁት ግድግዳ ላይ ቡናማ ዥረት አወረደብኝ። ዝንቡ ከሰው ይልቅ እሱን ወደደ። ኪስራ፣ የሱዳኖቹን ስስ እንጀራ፣ ስጋግር፣ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ስጸልይ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ነው። ለኔ ግን አዲስ ሽታ አይደለም። በሙሽርነቴም እሱኑ ስሸት ነው የኖርሁት። የልጆቼ ፀጉር ቅባት አጥቶ እንደ ገለባ ሲሰባበር ያ ብረት አንድ ቀን ሳይቀባ አድሮ አያውቅም።

የብረቱን ታሪክ በሰፈሩ የማያውቅ የለም፤ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ይናገራልና። አማቼ በወጣትነታቸው ከጣሊያን ወታደር ላይ የማረኩት ነው። ጣሊያን ወጣ፤ ምንሽሩ ቀረ። ከዚያ በወሰን ጠብ ጎረቤት ከጎረቤት ተታኮሰበት። ንጉሡ ወርደው አገሩ ሲታመስ ደግሞ ወንድማማቾቹ ያንኑ ይዘው ጫካ ገቡ። የተሠራበት ጦርነት ካለቀ ስንት ዘመኑ ነው! እንስራ ሲሰነጠቅ ይጣላል፤ ወንፊት ሲቀደድ ይጣላል፤ ሴት ስታረጅም እንዴት እንደምትጣል አይቻለሁ። ይሄን ግን የሚጥለው ጠፋ። አንዱ ሲሞት ሌላው ያነሣዋል፤ ይወለውለዋል፤ ስም ያወጣለታል።

ወደ ሱዳን እንዴት እንደተሻገረ ደግሞ ሁለት ታሪክ አለ። አንዱ የሱ ነው። «ሐምዳይት ድንበር ላይ በተኩስ ጥሼ ነው ያሻገርሁት» ይላል። እንዲህ ሲል ጎረቤት ፊት ቡና እያቀረብሁለት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሌላው ታሪክ እውነቱ ነው። ወንዙ ዳር የቆሙት ጠባቂዎች ወንዱን ሁሉ ይፈትሹ ነበር፤ ሴት ግን አይነኩም። ምንሽሩን ከብብቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በመቀነት አስረው በቀሚሴ ውስጥ ያሻገሩት በኔ ነው። ጉልበቴን ማጠፍ አልችልም። ልጄን በጀርባዬ አዝያለሁ። ጠባቂው «ምን ሆና ነው?» ሲል «ምጥ ይዟት ነው» አለው ባሌ። የቃታው መከለያ ብረት ዳሌዬን ልጦት የዋለበት ምልክት ዛሬም አለ። ጀግናው አራት ሰው ቀድሞን፣ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ነው የተሻገረው።

ይሄንን እንኳ በዝምታ አልፌው ነበር። የማላልፈው ሌላ ነው።

ሀዋታ አካባቢ ሰሊጥ እያጨድን የኖርንበት ዘመን ነው። ለምንሽር የሚሆን ጥይት ከጠፋ ቆይቷል። ወንዶቹ የተተኮሰበትን ባዶ ቀለህ እየለቀሙ እንደገና ይሞሉት ነበር። የክብሪት ራስ ይፍቃሉ፣ ከሌላ ጥይት ያወጡትን ባሩድ ይቀላቅላሉ፣ እርሳስ አቅልጠው ይደፍኑበታል። አንዳንዱ ይጮሃል። አንዳንዱ ደግሞ «ፉስ» ብሎ እርሳሱን ቱቦው ውስጥ ትቶት ይቀራል። ያን ሳያወጡ ሌላ የደገሙበት እንደሆነ ብረቱ ያብጣል። ይሄን ማንም ሕፃን ያውቀዋል።

አንድ ከሰዓት ከረሃድ ወንዝ ውኃ ቀድቼ ስመለስ የባሌ ወንድም ከጎጆው ጀርባ ብቻውን ተቀምጦ በወስፌ ሲሰፋ አገኘሁት። ምንሽሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ እርጥብ የፍየል ቆዳ ይሰፋበታል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ደንገጥ አለ። ወዲያው ሳቀ። «ልብስ እያለበስሁት ነው። በዚህ አገር ፀሐይ ብረቱ እጅ ይጠብሳል።»

እኔም ሳቅሁና ወደ ውኃዬ ሄድሁ። ቆዳው ሲደርቅ እንደ አጥንት ጠንክሮ ተጣበቀ።

አማቼ ያረፉት በዚያው ሳምንት ነው። በነሱ ቤት ደንብ አለ። ጠመንጃ ለሌላ ሰው የሚያስረክብ፣ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት መጀመሪያ ራሱ አንድ ይተኩሳል። የጠመንጃውን ጤንነት በራሱ ጉንጭና በራሱ እጅ ካስመሰከረ በኋላ ነው ለተቀባዩ በሁለት እጁ የሚሰጠው። አማቼም ለታላቁ ልጃቸው ሲሰጡ እንዲያ ነው ያደረጉት፤ አይቻለሁ። አያታቸውም በጦር ዘመን ጦሩን ወርውረው ነው አሉ ያስረከቡት። ደንቡን ያወጣው ሰው ወንድሞችን ያውቃል እላለሁ።

ለቅሶው ላይ የረሃድ ዳር አበሻ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ለሟች ሊተኮስ ሲል ታላቅየው ምንሽሩን ወደ ባሌ ዘረጋለት።

«አንተ ተኩስለት። አባታችን አንተን ይወድ ነበር። እኔን ዓይኔን አሞኛል።»

ራሱ ሳይተኩስ ሰጠው። ሰው በሐዘን መካከል ነውና ደንቡን ያነሣ የለም። ባሌ ደስ አለው፤ ታናሽ ወንድም እንዲህ ያለ ክብር መቼ ያገኛል። ግራ እጁን ቆዳው ላይ አድርጎ ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ድምፁ የተኩስ አይመስልም ነበር፤ ዛፍ ሲሰነጠቅ ነው የሚመስለው። ባሌ ቆሞ ነበር። እጁን ያየው ከሁላችንም በኋላ ነው። ከግራ እጁ አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ቀሩ።

ሰሊጥ አጭዶ የማያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። በቀኝ ማጭድ ትይዛለህ፤ በግራ እጅህ አገዳውን ትጨብጣለህ። ግራ እጅ ከሌለህ አጫጅ አይደለህም። በዚያ ዓመት ልጄን አዝዬ በባሌ ቦታ የገባሁት እኔ ነኝ። እሱ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ፤ ዱላ ይዞ።

ደሙን ከምንሽሩ ላይ ያጠብሁትም እኔው ነኝ። የፍየሉ ቆዳ ተቀዷል፤ ሥሩ ያለው ብረት አይጥ እንደዋጠ እባብ አብጦ፣ እብጠቱ ላይ ተሰንጥቋል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፀሐይ ብረቱን ሁሉ ነው የሚያግለው፤ ቆዳው የተሰፋው ግን አንዲት ስንዝር ላይ ብቻ ነበር። እብጠቷ ላይ።

ለባሌ ነገርሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ዝም በይ» አለኝ። «ታላቄ ነው።»

ዝም አልሁ። የባሌ ወንድም ግን ዝም አላለም። በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ፣ ሰው የባሌን እጅ አይቶ በጠየቀ ቁጥር እየሳቀ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ እኮ ጠመንጃውን እንደ ሴት ዘነዘና ጨብጦት ነው!» ሰው ይስቃል። ባሌም አብሮ ይስቅ ነበር። እጁን ጋቢው ውስጥ አስገብቶ ይስቃል። ሲሞትም አስከሬኑ ራስጌ ያንኑ ምንሽር፣ በሽቦ ተጠምጥሞ፣ አዲስ ቆዳ ተሰፍቶለት፣ ይዞ የፎከረው ወንድሙ ነው። ጣቱን የበላው ብረት ሬሳውን አጀበው። ያን ቀን ከለቅሶው ወጥቼ ከአጥር ጀርባ አስታወክሁ። ሴቶቹ ሐዘኑ ነው አሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ልብ ብዬ አይቻለሁ። ይሸከመዋል፤ ይወለውለዋል፤ ፎቶ ይነሣበታል። ሲተኩስ ግን ያየው ሰው የለም።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮ ልመለስ።

የልጄ ልጅ ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ በገበያው ርክሻ፣ ባጃጅ መሆኑ ነው፣ የሚነዳ ወጣት ነው። ምንሽሩን መጀመሪያ ያየው ቀን ስቆበት ነበር።

«ሐቦባ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው፣ ወላሂ!»

ሱዳኖቹ አያታቸውን ሐቦባ ነው የሚሉት፤ እሱም እንደነሱ ይጠራኛል። ሳቁ ደስ አለኝ። ግን የጦርነቱ ወሬ በየቀኑ እየቀረበ መጣ። ከመፋዛ በኩል በአህያና በጋሪ የሚሸሽ ሰው መንገዱን ሞላው። የሰፈሩ ወጣቶች መንገድ እየዘጉ መጠበቅ ጀመሩ። የያዙት ክላሽ ከራሳቸው ዕድሜ ይበልጣል፤ አንዱ ሰደፉ ላይ እዚህ አገር ማንም የማያነበው ጽሕፈት ተቀርጾበታል። የየት አገር ልጅ እንደጻፈው፣ የት እንደወደቀ እንጃ። መሣሪያ ያልደረሳቸው ደግሞ ዱላ ይዘው ይቆማሉ፤ ጓደኞቻቸው ይስቁባቸዋል። የኔው የልጅ ልጅ ባለ ዱላ ነበር።

አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ግድግዳው ባዶ ነው። ሁለቱ አንገረቡ ላይ፣ የሱዳኖቹ የገመድ አልጋ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ምንሽሩ በሁለቱ ጭን ላይ ተጋድሟል። ሽማግሌው የልጄን ልጅ እጅ ይዞ ቅባት አቀባብ ያስተምረዋል። የልጁ ጣቶች በላት ያብለጨልጫሉ። ልክ እንደ አያቱ ረጃጅም ጣቶች ናቸው።

ማታ ራት ላይ ለብቻው አገኘሁት።

«ያ ብረት የአያትህን ጣት የበላ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሐቦባ። ጅዶ ነግረውኛል።» ጅዶ የሚለው የባሌን ወንድም ነው፤ አያቴ ማለቱ ነው።

«ምን ብሎ?»

ሊስቅ እየቃጣው፣ «እንደ ሴት ዘነዘና ጨብጦት ነው አሉኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ የተናገርሁትን ሁሉ የአሮጊት ፍርሃት አድርጎ ሰማው። «ኸላስ፣ በቃ ሐቦባ፣ እኔ አያያዙን ተምሬያለሁ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብሎኝ ተነሣ። ለሚካኤል እንደሚረከበው የነገረኝም ያን ጊዜ ነው።

የሚካኤል ዕለት ማኅበርተኞቹ ግቢዬ ውስጥ በዳሱ ሥር ተቀመጡ፤ እዚህ ራኩባ እንለዋለን። በልተው ጠጥተው ሲያበቁ የባሌ ወንድም ምንሽሩን ይዞ ተነሣ። ዘራፍ አለ። የአባቱን ግዳይ ቆጠረ፤ የሱንም ያልነበረውን ቆጠረ። ላብ በአንገቱ ይወርዳል፤ ላቱም በእጁ ይወርዳል። የልጄ ልጅ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ፊቱ ቆሟል። እኔ ትሪ ይዤ ከማጀት በር ላይ ነኝ።

«እነሆ!» አለ ሽማግሌው። «ከአባቴ ለእኔ፣ ከእኔ ላንተ! ጠላት ገዳሪፍ ቢገባ አያቶችህን አታሳፍር!»

ሊዘረጋለት ሲል፣

«ጋሼ» አልሁ። «ደንቡ ቀረ እንዴ?»

ዞረ። ሴት በዚህ ሰዓት ትናገራለች ብሎ አልጠበቀም።

«የምን ደንብ?»

«የቤታችሁ ደንብ ነዋ። የሚያስረክብ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይተኩሳል። አባትዎ ለርስዎ ተኩሰው አልነበር የሰጡት?»

«እውነቷን ነው» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «እኔም አስታውሳለሁ።»

«ከተማ ውስጥ ነን፤ አንቺ ሴት! ወታደሩ ይሰማል።»

ጎረቤቴ ያለው ጸጉር አስተካካይ ቀልደኛ ሰው ነው፤ የጎንደር ልጅ ነኝ እያለ ነው የሚያረጅ። «ኧረ ጋሼ!» አለው። «ወታደሩ ራሱ ትናንት ለሙሽራ ሰማዩን ሲበሳሳው ነው የዋለ። የርስዎን አንዲት ጥይት ማን ይቆጥራታል?»

ሰው ሳቀ።

«ጥይት የለኝም።»

«አለ እኮ፣ ጅዶ» አለ የልጄ ልጅ። የዋህ ነው። «ጠዋት አብረን አጉርሰነው የለ?»

«ለጠላት ነው ያ! ለጨዋታ አይደለም።»

«ዓይንዎን አሞዎት ነው?» አልሁት።

ይሄን ስል አየኝ። ምን እንዳስታወስሁት ገባው። ሌላው ሰው አልገባውም፤ ጸጉር አስተካካዩማ «ዓይናቸው ካመማቸው ሰማይን እንደሆነ አይስቱትም!» ብሎ ራኩባውን በሳቅ ሞላው። ሽማግሌው ምንሽሩን ታቅፎ ቆመ፤ አይሰጥም፣ አይተኩስም። የልጄ ልጅ አዘነለት። በሱ ዘንድ እኔ አሮጌ ሰው በአደባባይ የማዋርድ ክፉ ሴት ነበርሁ።

«ኸሊ፣ ተይ ሐቦባ! ምንድን ነው ይሄ? እኔ እተኩስላችኋለሁ» አለና ምንሽሩን ከሽማግሌው ክንድ መንጨቅ አደረገው። አቀባበለ። እንደተማረው ሰደፉን ትከሻው ላይ አስደገፈ። ግራ እጁን ቆዳው ላይ አደረገ።

ትሪው ከእጄ ወደቀ። ልጮህ አፌን ከፈትሁ፤ የጮኸው ሌላ ሰው ነው።

«ተው! እጅህን ከቆዳው ላይ አንሣ! ተው አልሁህ!»

የባሌ ወንድም ነበር። ከዚያ ዕድሜ በማይጠበቅ ፍጥነት ዘሎ የልጁን ክንድ ወደ ታች ጎተተ። ሳቁ ሁሉ እዚያው ቀረ።

የልጄ ልጅ ምንሽሩን ዝቅ አድርጎ አንዴ ቆዳውን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ።

«ለምን? ቆዳው ምን አለው?»

እኔ ማጀት ገብቼ ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ ይዤ መጣሁ። «ጥይቱን አውጣውና አምጣ ወዲህ» አልሁት። አወጣው። ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ቀደድሁት። ለዓመታት ላት የጠጣ ቆዳ ነው፤ እንደ ሞተ ነገር ተልጦ መጣ፤ ከሥሩ ዝገትና መግል የሚመስል ቅባት። ከዚያ ሽቦው። ሽቦውን የልጄ ልጅ ራሱ ፈታው። እብጠቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ጥፍር ያስገባል፤ ጥፍሩን አስገብቶ አየ።

«ያውቁ ነበር?» አለው።

«ብረት ነው፤ ብረት ይደክማል...»

«አያቴ የተኮሰ ቀን ያውቁ ነበር ወይ?»

«ሕዝብ ተሰብስቦ!» አለ ሽማግሌው። «ለአባቴ ሳይተኮስ ይቀር ነበር? ምን እንባል ነበር?»

«እርስዎ ለምን አልተኮሱም ታዲያ?» አለው ጸጉር አስተካካዩ። አሁን አይቀልድም።

«እኔ የቤቱ ታላቅ ነበርሁ» አለ። «ስንት ሰው በኔ እጅ ነበር።»

በኔ እጅ አለ። ቃል በቃል ነው የጻፍሁት። የልጄ ልጅ ምንሽሩን መሬት ላይ፣ ፍርፋሪው መካከል አስቀመጠው፤ ወደ ውኃ በርሜሉ ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ። ደጋግሞ ታጠበ። ከዚያ ርክሻውን አስነሥቶ ወጣ። ማታ ሲመለስ ዱላውን ከበሩ ጀርባ አንሥቶ ወደ ጓደኞቹ ሄደ። ነገ ሌላ አሮጌ ብረት አይሰጡትም አልልም። የዚህን ግን እሱ ዳግመኛ ስሙን አላነሣም።

የባሌን ወንድም አላባረርሁትም። መንገዱ ዝግ ነው፤ መሄጃም የለው። ፉሉን በሰዓቱ አቀርብለታለሁ፤ አንቱ እለዋለሁ። ምንሽሩንም አልነካሁበትም፤ የሱ ነው። ቆዳውን ግን ያኑ ዕለት ከሰል ላይ ጣልሁት። ግቢው እስኪያቅለሸልሽ ድረስ ሸተተ፤ ጎረቤት ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስኪያልቅ ጠበቅሁት። የማርያምን ሥዕል ወደ ሚስማሯ መለስኋት።

አሁን ምንሽሩ አንገረቡ ላይ ከሱ ጋር ነው የሚተኛ። ሰው ሲገባ ስንጥቁን በግራ እጁ ይሸፍነዋል፤ አምስቱም ጣቶቹ አሉት። ከመፋዛ የሸሸ አንድ ወጣት መጥቶ «አባባ፣ ይሠራል?» ብሎ ጠየቀው። ሊመልስ አፉን ሲከፍት እኔን አየና ዝም አለ።

ትናንት ማጀት በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«እራፊ ቆዳ ወይ ጨርቅ ቢጤ አይኖርሽም?»

«የለኝም፣ ጋሼ» አልሁት።

ሳጥኔ ሙሉ ጨርቅ ነው።